የወስፌ እጀታና የሠሪው እጅ

በቆዳ ሥራ የተሰማራችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ሙያውንም ለመቅሰም በዚህ በኮልፌ ቀራንዮ የተሰበሰባችሁ ወጣቶች፤

ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ የምናገርበት ጉዳይ ከሩቅ ለሚያየው ሰው ከቁም ነገር የማይቈጠር መስሎ እንደሚታየው አውቃለሁ፤ ስለ ወስፌ እጀታ፣ ስለ ቆዳ መቍረጫ ቢላዋ እጀታ፣ በቆዳ ላይ ሐረግ ስለሚታተምበት ብረት እጀታ ልናገር ነው የመጣሁት። ይሁን እንጂ ማለዳ ተነሥቶ እስኪመሽ ድረስ ያንን ቍራጭ እንጨት በመዳፉ ጨብጦ የሚውል ሠራተኛ በዕድሜው ከሚይዘው ነገር ሁሉ አብዝቶ የሚይዘው እርሱን በመሆኑ፣ እንጨቱም መልካም ሲሆን እጁን የሚያሳርፍ፣ ክፉ ሲሆን እጁን የሚያቈስል በመሆኑ፣ ነገሩ ትንሽ ነው ብዬ አልፈው ዘንድ ሕሊናዬ አልፈቀደልኝም። ሐሳቤንም ከወዲሁ ልግለጽላችሁ፤ በአገራችን የእጀታ ጥበብ ሞልቶ ሳለ ክብሩ ሁሉ ለጦር መሣሪያና ለንዋያተ ቅድሳት ተሰጥቶ፣ ቆዳ ሠሪው እንጀራውን የሚያገኝበት መሣሪያ ግን ራቁቱን ቀርቷል፤ ይህ ጕድለት የሚታረመውም ከሌላ ሳይሆን ከቆዳ ሠሪው ከራሱ እጅ ነው እላለሁ።

የአበውን የጦር ዕቃ በዓይነ ልቡናችሁ መልሳችሁ ተመልከቱት። የመኳንንቱ ጎራዴ እጀታ ከአውራሪስ ቀንድ እየተጠረበና እየተወለወለ፣ አንዳንዱም በብር እየተለበጠ ይሠራ ነበር፤ ጋሻውም ከጥሬ ቆዳ ተወጥሮ ከደረቀ በኋላ እንደ ባለቤቱ ማዕርግ በከፋይ፣ በነሐስ፣ በብርና በወርቅ ቅብ ያጌጥ ነበር። ወደ ቤተ ክርስቲያን ብንገባም የመቋሚያው ራስ ይዋባል፣ የጸናጽሉ መያዣ ይቀረጻል፣ የእጅ መስቀሉ ከእጀታው እስከ ጫፉ በሐረግ ይሞላል። ይህ ሁሉ ሠናይ ነው፤ አንዱም እንዲቀር አልመኝም። ዳሩ ግን ያን ጋሻ የወጠረው ሰው ጠርዙን የበሳበት ወስፌ፣ ያን የመጽሐፍ ማኅደር የሰፋው ሰው ጠፍሩን ያወጣበት ቢላዋ ምን ዓይነት እጀታ እንደ ነበረው ማን ይነግረናል? ጎራዴው በቤተ መዘክር ግድግዳ ላይ በክብር ሲሰቀል፣ የወስፌውን ወሬ የሚጠይቅ እንኳ አልተገኘም።

ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ሸክላ የምትሠራውን፣ ከሁሉም ይልቅ ቆዳ የሚፍቀውን ወገናችንን በሙያው ስም እየሰደብን፣ ከማዕዳችንና ከጋብቻችን እያራቅን፣ የሠራውን ጫማ ግን ተጫምተን፣ የሠራውን ኮርቻ ተቀምጠንበት፣ በሠራው አገልግል ስንቃችንን ቋጥረን ኖረናል። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጁ በሙያው ስም እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ነገሩ ሥር የሰደደ መሆኑን አይተው ነው። ንቀቱ በሰውየው ላይ ብቻ አልቀረም፤ ወደ መሣሪያውም ወረደ። ሰው በሙያው እንዲያፍር ሲደረግ የሙያውን ዕቃ ማስጌጥ ይቅርና በሰው ፊት ማውጣትም ይከብደዋልና፣ ብዙ ወስፌ በጨርቅ ተጠቅልሎ በከረጢት ሥር ተሸሽጎ ኖሯል።

መጻሕፍቱ ግን እንዲህ አላስተማሩንም። ኦሪት ዘጸአትን ያነበበ ሰው እግዚአብሔር ባስልኤልን በስሙ ጠርቶ የጥበብን መንፈስ እንደ ሞላበት፣ ኤልያብንም ረዳት አድርጎ እንደ ሰጠው፣ ለደብተራ ኦሪትም መሸፈኛ ቀይ የተነከረ የአውራ በግ ቍርበት እንደ ተዘጋጀ ያውቃል፤ ግብረ ሐዋርያትን ያነበበም ቅዱስ ጴጥሮስ በኢዮጴ ሳለ የተቀመጠው በቍርበት ፋቂው በስምዖን ቤት እንደ ነበረ ያውቃል። ደግሞም በ10ኛው መቶ ዓመት በግብፅ፣ በአባ አብርሃም ሶርያዊ ዘመነ ፕትርክና፣ የወንጌልን ቃል እንደ ፊደሉ ተቀብሎ ዓይኑን በወስፌው ያወጣውን፣ በጸሎቱም የሙቀጠም ተራራ የተነቃነቀለትን የጫማ ሰፊውን የስምዖንን ነገር ከሕፃንነታችን ጀምሮ ሲተረክ ሰምተናል። ወስፌ በቅዱሳን ታሪክ የተነገረለት መሣሪያ ነው።

ወደ ምድራችንም ብንመለስ እጀታ ከብረት የቀደመ መሆኑን እናገኛለን። በጋሞ፣ በኮንሶና በጉራጌ ቆዳ የሚፍቁ ሰዎች፣ ብረት በገበያ ሞልቶ በነበረበት በእኛው ዘመን እንኳ፣ ከባልጩት የተጠረበ ስለት በእንጨት እጀታ ላይ እየተከሉ ሲሠሩ ተመራማሪዎች በቦታው ተገኝተው ጽፈዋል፤ በኮንሶም ይህ ሙያ በአብዛኛው የሴቶች ነው። በጋሞ አንደኛው የእጀታ ዓይነት በግራና በቀኙ ሁለት ጕድጓድ ተበጅቶለት ድንጋዩ በሙጫ የሚጣበቅበት ሲሆን፣ ሌላው ደግሞ ጫፉ ተሰንጥቆ ድንጋዩን ያለ ሙጫ ቆንጥጦ የሚይዝ ነው። ድንጋዩ ጥቂት ቆዳ ፍቆ ሲደነዝዝ ይጣላል፤ እጀታው ግን ከዓመት ወደ ዓመት እየተሻገረ፣ የሠሪውን ላብና የቆዳውን ስብ እየጠጣ፣ ለሠሪው መዳፍ እየተመቸ ይሄዳል። ስለቱ እንደ እንግዳ መጥቶ ይሄዳል፤ የቤቱ ባለቤት እጀታው ነው። ከምድራችን ወጣ ብለን ብናይም፣ በጥንታዊት ግብፅ በቴብስ በሚገኘው በሹሙ በሬክሚሬ መቃብር ግድግዳ ላይ፣ ከዛሬ 3,400 ዓመት በፊት የተሣሉት ቆዳ ሠሪዎች በግማሽ ጨረቃ ቢላዋ ሲቈርጡና በባለ እጀታ ወስፌ ሲበሱ ይታያሉ፤ ዛሬ በመርካቶ ከሚታየው ሥራ ጋር ቢተያይ ብዙ የሚራራቅ ነገር አይገኝበትም።

ስለ ደጓሾቻችንም ሳልናገር አላልፍም። ብራናውን በእንጨት ገበታ መካከል አድርገው፣ ገበታውን በቀይ ፍየል ቆዳ አልብሰው፣ በፍም የጋለ መደጐሻ ብረት እየተጫኑ መስቀሉን፣ ክቡንና ድርብ ሰረዙን በድጕሱ ላይ ያሳረፉ ሊቃውንት፣ ከወርቅና ከቀለም አንዳች ሳይጨምሩ በጫና ብቻ የሚነበብ ጌጥ አውጥተዋል። ፕሮፌሰር ሥርግው ሀብለ ሥላሴ ስለ ኢትዮጵያ የመጽሐፍ አሠራር በ1981 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት መጽሐፍ ይህን ሙያ ከመጥፋት ለመጠበቅ የተደረገ ትልቅ ውለታ ነው። በዚያ ሥራ ላይ የእጀታውን ነገር አስተውሉ፤ ብረቱ ከፍም የሚወጣ ስለሆነ መያዣው ሙቀት የማያስተላልፍ መሆን አለበት፤ ብረቱ ቀጥ ብሎ ካልቆመ መስቀሉ በአንድ ወገን ጠልቆ በሌላው ወገን ስለሚሳሳ፣ መያዣው በጨለማ እንኳ ቢዳሰስ የትኛው ወገን ላይ፣ የትኛው ወገን ታች መሆኑን ለጣት የሚናገር መሆን አለበት።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ፤ የምናገረውም ስለ አንዲት ወስፌ ብቻ ይሆናል፤ የአንዲቱን ምስጢር የያዘ ሰው ለቢላዋውም ለመደጐሻውም አያቅተውምና።

ስለ እንጨቱ ከተጠየቅሁ ወይራን የሚያህል አላውቅም፤ ጥብቅ ነው፣ ከባድ ነው፣ ሲወለወልም እንደ ቀንድ ይለሰልሳል። ክትክታም ገበሬው ለመሣሪያው ዛቢያ የሚመርጠው ጽኑ እንጨት ነው። ዋንዛ ለመቅረጽ የሚገዛ፣ መልኩም ያማረ ነው፤ ነገር ግን ልዝብ ስለሆነ በመዳፍ ለሚገፋ ወስፌ ሲበቃ፣ በመዶሻ ለሚመታ መብሻ አይበረክትም። ባሕር ዛፍ ከአጠና ተራ በርካሽ ይገኛል፤ ሲደርቅ ግን ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ ለትንሽ እጀታ አልመክረውም። ወይራም በአገራችን እየተመናመነ የሄደ ዛፍ ስለሆነ፣ ለአንዲት ወስፌ ብላችሁ ለጋ ቅርንጫፍ እንዳትቈርጡ እለምናችኋለሁ፤ የተሰበረ ዱላ፣ ያረጀ ዘነዘና፣ ከማገዶ የተረፈ ጕማጅ ይበቃል፤ እንዲያውም ለብዙ ዓመት በቤት የኖረ እንጨት ደርቆ ያለቀ ስለሆነ ከአዲሱ ይሻላል። አዲስ ከሆነ ግን ጫፍና ጫፉ በሰም ተቀብቶ፣ በጥላ ተቀምጦ፣ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ማሳለፍ ይገባዋል።

ቅርጹን የሚወስነው እጅ ነው። የእጀታው ራስ በመዳፍ ጎድጓዳ ላይ እንዲያርፍ ወፈር ብሎ ይከብባል፣ ወደ አንገቱ ሲወርድም አውራ ጣትና አመልካች ጣት እንዲቆነጥጡት ይቀጥናል፤ ርዝመቱ እጀታው በመዳፍ ተደግፎ ሳለ ጣቶቹ የብረቱን ሥር የሚደርሱበት ነው። ጣቱ አጭር የሆነ ሰው ረጅም ጣት ላለው በተሠራ እጀታ ሲሠራ አንጓው እየታጠፈ ማታ ማታ ያመዋል፤ ሕመሙንም የዕድሜ ነው ብሎ ይቀበለዋል። ከዚህ በኋላ እንጨቱ ይበሳል፤ ቀዳዳው ወደ ውስጥ ከሚገባው የብረቱ ጭራ ጥቂት የጠበበ መሆን አለበት። ጭራው በእሳት ግሎ ወደ ቀዳዳው ሲገፋ እንጨቱን እያቃጠለ ለራሱ ልክ የሆነ ማደሪያ ያበጃል፤ በዚህ ጊዜ ግን ስለቱ ሙቀት ጠጥቶ ጥንካሬውን እንዳያጣ በጥሬ ድንች ውስጥ ተሰክቶ ወይም በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይቆያል። ሽታው እስኪወጣና ብረቱ እስኪበርድ ታግሣችሁ፣ ነቅላችሁ፣ አመዱን አራግፋችሁ መልሳችሁ ምቱት። እንጨቱ በአንገቱ እንዳይሰነጠቅ ቀለበት ያስፈልገዋል፤ ከናስ ቧንቧ የተቈረጠ ይሆናል፣ ባዶ የጥይት ቀለህም ተቈርጦ መልካም ቀለበት ይወጣዋል። ብረት ካጣችሁም ገበሬው ሞፈርና ቀንበሩን በምራን የሚያስርበትን ጥበብ ተከተሉ፤ ጥሬ ጠፍር በውኃ ርሶ፣ በአንገቱ ላይ ተጠብቆ ተጠምጥሞ ሲደርቅ ራሱን በራሱ እያጠበቀ እንጨቱን ያንቀዋል። ለቆዳ ሠሪ ደግሞ በገዛ ዕቃው የታሰረ መሣሪያ መያዝ ያምርበታል።

የማለስለሱ ሥራ ትዕግሥት ይፈልጋል። በጠርሙስ ስባሪ ይፋቃል፣ በብርጭቆ ወረቀት ከሻካራው ወደ ለስላሳው እየተለወጠ ይታሻል፣ ከዚያም የተልባ ዘይት በስሱ ተቀብቶ፣ ሳይጠግብ እንደገና ተቀብቶ፣ በመጨረሻ በሰም ይወለወላል። የተልባ ዘይት የጠጣውን ጨርቅ ጨምድዳችሁ በጥግ እንዳትጥሉት፤ እየሞቀ በራሱ ሊቀጣጠል ስለሚችል ዘርግታችሁ አድርቁት።

ስለ ጌጡ ያለኝ አስተያየት ከብዙዎች የተለየ ሊሆን ይችላል። እጀታውን ከራስ እስከ እግሩ በቅርጽ የሚሞላ ሰው ዓይንን ደስ ያሰኛል፣ መዳፍን ግን ይበድላል፤ ጥልቅ ቅርጽ ላብና እድፍ ይይዛል፣ ጠርዙም ውሎ አድሮ ውኃ ያቋጥራል። ስለዚህ መዳፍ የሚያርፍበት ቦታ ምንም ሳይነካው በሚታይ የእንጨት ሥር ብቻ ይጌጥ፤ ሐረጉ፣ መስቀሉ፣ የነሐሱ ሽቦ፣ የቀንዱ ክበብ በአንገቱና በራሱ ጫፍ ላይ ይሁን። ቀንድ በፈላ ውኃ ሲቀቀል ስለሚለዝብ ለዚህ ሥራ ይመቻል። ከጌጥም ሁሉ እኔን የሚያስደስተኝ ሥራ ያለው ጌጥ ነው። ስለቱ ጠፍጣፋ ወይም አራት ማዕዘን የሆነ ወስፌ በቆዳው ላይ የሚከፍተው ቀዳዳ ረጅምና ጠባብ ስለሆነ፣ ቀዳዳዎቹ ሁሉ ከስፌቱ መስመር ጋር በአንድ ዓይነት ማዘንበል ካልተሰለፉ ክሩ ይጣመማል፤ እንግዲህ በእጀታው አንገት በአንድ ወገን አውራ ጣት የምታርፍበት ጠፍጣፋ ቦታ ቢወጣለት፣ በዚያም ላይ በጋለ ብረት አንዲት ትንሽ መስቀል ብትታተምበት፣ ሠሪው ዓይኑን ከስፌቱ ሳያነሣ የስለቱን አቅጣጫ በአውራ ጣቱ ያውቀዋል። ያችው ጠፍጣፋ ቦታ ወስፌው ከጠረጴዛ ተንከባሎ እንዳይወድቅም ትጠብቀዋለች። በዚህ ዓይነት የተሠራ ወስፌ በእጄ ይዤ ዓይኔን ጨፍኜ ሞክሬዋለሁ፤ ጣት ከዓይን ቀድሞ ማወቁ እውነት ነው።

እጀታ ከጌጥና ከምቾት ያለፈ ጉዳይ መሆኑን ቀጥሎ እናገራለሁ፤ ምስክሩም ከዚህ ሩቅ አይደለም። በዚሁ በክፍለ ከተማችን፣ በዘነበወርቅ፣ ከጣልያን ወረራ በፊት ጀምሮ የሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚታከሙበት ሆስፒታል ነበረ፤ በዚያው ሥፍራ በ1958 ዓ.ም. ለመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ የሚሆነው አለርት ተመሠረተ፤ በ1962 ዓ.ም. ደግሞ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም በአጠገቡ ቆመ። በዚያ ግቢ ውስጥ ካሉት ሥራዎች አንዱ የእናንተው ሙያ ነው፤ እግራቸው ሕመም ለማይሰማው ሰዎች ለስላሳ ውስጠኛ ሶል ያለው፣ ምስማር ያልገባበት ጫማ የሚሰፋበት የአካል ድጋፍ ክፍል ነው።

ስለ እጁም ነገሩ እንዲሁ ነው። የሥጋ ደዌ ተሐዋሲ ነርቭን ስለሚጎዳ፣ በወቅቱ ያልታከመ ሰው መዳፉ ሙቀትንና ሕመምን መለየት ያቆማል። ብዙ ዘመን ሕዝቡ ደዌው ራሱ ጣት የሚበላ ይመስለው ነበር፤ በሕንድ አገር በቬሎር ይሠራ የነበረው ሐኪም ዶክተር ፖል ብራንድ ግን ከ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ባደረገው ምርመራ፣ ጣት የሚያጥረው አብዛኛውን ጊዜ ባልተሰማ ቍስል፣ ባልተሰማ ቃጠሎና ከዚያ በሚከተለው መመረዝ መሆኑን አሳየ። ጤነኛ ሰው መሣሪያ ሲጨብጥ ምን ያህል ማጥበቅ እንደሚገባው መዳፉ ይነግረዋል፤ ነጋሪው የጠፋበት ሰው ግን ከሚያስፈልገው በላይ አጥብቆ ይይዛል፣ ቀጭኑም እጀታ ቆዳውን እየጫነ ደሙን ያግዳል፣ ማታ ሲፈታው መዳፉ ቈስሎ ያገኘዋል። ያው የጨበጣ ኃይል 1 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ቦታ ላይ ከማረፍ ይልቅ 3 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ላይ ቢያርፍ በቆዳው ላይ የሚደርሰው ጫና ሢሶ ብቻ ይሆናል። እንግዲህ ለእናንተ የምቾት ጉዳይ የሆነው የእጀታ ወርድ ለጎረቤታችሁ ጣቱን የማዳን ጉዳይ ነው። ደዌው ዛሬ በመድኃኒት የሚድን ሆኗል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ1981 እ.ኤ.አ. የጋራ መድኃኒቶቹን ሕክምና ካወጣ ወዲህ ሕሙማን ፈጽመው ይድናሉ፤ የሞተው ነርቭ ግን አይመለስምና የዳነውም ሰው መዳፉን ዕድሜ ልኩን መጠበቅ አለበት።

ጌጥ ለምን እንደሚያስፈልግ ለሚጠይቀኝ ሰውም መልሴ ከዚሁ ይወጣል። ለሕሙማን ተብሎ የተሠራ ጫማ ከሌላው ጫማ በመልኩ ተለይቶ ሲታወቅ፣ ባለቤቱ በመንገድ ላይ እንዳይታወቅበት ሲል ያወልቀውና ባዶ እግሩን ወይም ቀጭን ጫማ አድርጎ ይሄዳል፤ እግሩም ይቈስላል። ወፍራም እጀታ ያለው ወስፌም የሕመምተኛ ዕቃ መስሎ ከታየ ዕጣው ይኸው ነው፤ ባለቤቱ ይደብቀዋል። ነገር ግን ያ ወፍራም እጀታ ከወይራ ተጠርቦ፣ በአንገቱ ላይ ሐረግ ተስሎበት፣ ራሱ በቀንድ ተከፍክፎ ቢሰጠው፣ በአጠገቡ የተቀመጠው ጤነኛ ሠራተኛ «ይህን ለእኔም ሥራልኝ» ይለዋል። ያን ጊዜ ዕቃው የደዌ ምልክት መሆኑ ይቀርና የባለሙያ ምልክት ይሆናል። በእኔ ግምት ከጎራዴው የአውራሪስ ቀንድ ይልቅ ይህ ጌጥ ይከብራል።

ስለ ገበያው በአጭሩ ልናገር። ከውጭ የሚመጣው የቆዳ መሣሪያ እጀታው በአብዛኛው ፕላስቲክ ነው፤ ልኩም ለሁሉ አንድ ነው። በመርካቶ በምናለሽ ተራ ያሉት ቀጥቃጮች ከአሮጌ ሞረድና ከመኪና ባሌስትራ ጥሩ ስለት ያወጣሉ፤ ብረቱ ጥራት ያለው ነው፤ እጀታው ግን ብዙ ጊዜ ጥድፊያ የበዛበት እንጨት ወይም በላስቲክ የተጠቀለለ ጨርቅ ነው። ኮልፌ ለመርካቶ ጎረቤት ነው፤ ብረቱ ከዚያ ተገዝቶ፣ እንጨቱን ከዚህ ለብሶ፣ እንደ ሠሪው እጅ ተለክቶ የሚወጣ መሣሪያ ለአንድ ወጣት መተዳደሪያ መሆን ይችላል።

ለዚህ ጉባኤ የማቀርበው ሐሳብም ይህ ነው። ወርክሾፕ ያላችሁ ባለሙያዎች አዲስ ተማሪ ስትቀበሉ ቆዳ ከማስነካታችሁ በፊት የራሱን የወስፌ እጀታ እንዲሠራ አድርጉት፤ ሁለተኛውን እጀታ ደግሞ በዘነበወርቅ ካሉት ወገኖቻችን መካከል በእጁ ለሚሠራ ለአንድ ሰው ይሥራ። ልኩን ለመውሰድ የረጠበ የሸክላ ጭቃ በዚያ ሰው መዳፍ ውስጥ አስቀምጦ ሥራ እንደሚሠራ አድርጎ እንዲጨብጠው መንገር ይበቃል፤ የታጠፈው ጣት፣ ያጠረው አንጓ፣ አውራ ጣት የደረሰችበት ቦታ ሁሉ በጭቃው ላይ ይቀራል፤ እንጨቱም ያንን ተከትሎ፣ ጠርዝ ሳይኖረው፣ ከጭቃው ጥቂት ወፈር ብሎ ይጠረባል። ሰውየው በአዲሱ እጀታ ለአንድ ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ መዳፉ ይታይ፤ በጠይም ቆዳ ላይ መቅላት በዓይን ስለማይለይ በእጅ ጀርባ እየዳሰሱ የትኛው ቦታ ከሌላው ይልቅ እንደ ሞቀ መለየት ያስፈልጋል፤ ሙቀቱ ከግማሽ ሰዓት በኋላም ካልበረደ እንጨቱ በዚያ ቦታ ላይ ተጭኖታልና ይፋቅለት፣ ይስፋለት፣ እንደገናም ይሞከር። ዳሳሹም እጁ የሚሰማ የቤት ሰው ወይም ወዳጅ ይሁን፤ መዳፉን የመዳሰሱንም ሥራ ከዚያ ቀን በኋላ ማታ ማታ ይቀጥለው።